ምግብን ስለ መውደድና ስለ ባልትና የተደረገ ንግግር

በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ቀን በሰንበቴው አዳራሽ የተነገረ



ደብራችን የተተከለበት ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር አንድ ቃል እንድናገር የበዓሉ አዘጋጆች በጠየቁኝ ጊዜ፥ ምን ልናገር ብዬ ብዙ አሰብሁ። ስለ ሕንጻው መሠረት የተናገሩ አሉ። ስለ ደጋጎቹ አለቆችና ስለ ማኅሌቱ የተናገሩም አሉ። ድንጋይ ያመላለሱት፥ ቆርቆሮ የገዙት፥ ደወል ያመጡት ሁሉ ስማቸው በዚህ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን ድንጋይ ያመላለሰው ሰው በቀትር ምን በላ? ሌሊቱን ሙሉ በመቋሚያ ተደግፎ ያደረው ደብተራ ጧት ከማኅሌት ሲወጣ ማን አበላው? ይህን የጠየቀ ሰው አላገኘሁምና፥ እኔ ዛሬ ስለ ምድጃ እናገራለሁ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ዕዳ አለብኝ። ዕዳዬም የአንዲት እናት ነው። በአደባባይ የተገባ ዕዳ ደግሞ በአደባባይ ሊከፈል ይገባዋል።

እኒህ እናት ስማቸውን እንዳልጠራ ለምነውኛልና አልጠራም። ከእናንተ መካከል ግን የእጃቸውን ያልቀመሰ ሰው የለም። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ደርሷል። ትውልዳቸው ምንጃር ነው፤ ምንጃርም የጤፍ አገር እንደ ሆነ ሁሉ ያውቀዋል። እርሳቸውም ገና ሕፃን ሳሉ ማኛውን ከነጩ፥ ሠርገኛውን ከቀዩ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይለዩ እንደ ነበረ ያጫውቱናል።

በሰባት ዓመታቸው ከምጣድ ፊት ቆመው የመጀመሪያዪቱን እንጀራ ጋገሩ። እንጀራዪቱም ዓይን የሌላት፥ አንድ ወገኗ ያረረ፥ አንድ ወገኗ ያልበሰለ ነበረች። ሕፃኒቱ አፍራ ልትጥላት ብትነሣ፥ አያቷ ተቀበሏትና ለማንም ሳያካፍሉ ብቻቸውን በሏት። በልተውም ሲጨርሱ፥ «ልጄ፥ የዛሬዋን እኔ በላሁልሽ፤ የነገዋን እንግዳ ይብላት» አሏት። ያች ሕፃን እነሆ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ እንግዳ የሚበላውን ስትጋግር ኖረች።

አያቲቱ ያረረውን እንጀራ ስለ ምን በሉት? ምክንያት አለው። እርሳቸው በክፉ ቀን ሕፃን ነበሩ። ታሪኩን ታውቃላችሁ። በ1880 ዓ.ም. በኋላ እቴጌ የተባሉት ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በከበረችበት ጊዜ ብዙ ሕዝብ የጠገበበት ታላቅ ግብር አገቡ፤ ይህም ግብር ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በጻፉት በዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ውስጥ ተመልክቷል። ብዙ ሳይቆይ ግን የከብት በሽታ ገባ፤ በሬው አለቀ፤ የሚያርስበት ያጣ ገበሬም ዘሩን ይዞ ተቀመጠ። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የነበረው ያ ዘመን ክፉ ቀን ተብሎ ቀረ። ዐፄ ምኒልክም ሕዝቡ በሬ የለኝም ብሎ እንዳይቀመጥ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ። ያን ዘመን ያየ ሰው ያረረ እንጀራ አይጥልም። እንግዲህ የእኒህ እናት ምግብ መውደድ ከጥጋብ የመጣ ሳይሆን፥ ራብን ካየች አያት የተወረሰ መሆኑን ከወዲሁ አስተውሉልኝ።

ስለ ሙያቸውም ጥቂት ልንገራችሁ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በቅኔ ቤት ያደግሁ ነኝና ባልትናን ከዕውቀት አልቈጥረውም ነበር። እርሳቸው ግን ሲሠሩ ባየሁ ጊዜ እንደ መጽሐፍ ያለ ሥርዓት ያለው ሆኖ አገኘሁት።

እንጀራን ተመልከቱ። ጤፉ በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ከላዩ የቆመውን ውኃ ያጠልሉታል። ከሊጡም ጥቂት ቀንሰው ከፈላ ውኃ ጋራ እያማሰሉ ያበስሉታል፤ ይህ አብሲት ይባላል። አብሲቱ በረድ ሲል ከሊጡ ጋራ መልሰው ያዋሕዱታል፤ ሊጡም እንደ ገና ኩፍ ይላል። የዛሬ ዘመን ሊቃውንት እርሾ ማለት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ረቂቃን እንደ ሆኑና፥ የእነርሱ ትንፋሽ የእንጀራውን ዓይን እንደሚያወጣ ያስተምራሉ። እኒህ እናት ስማቸውን ሳይማሩ ጠባያቸውን ዐውቀዋል፤ በብርድ ወራት ቡሓቃውን ወደ ምድጃው ያስጠጉታል፥ በሙቀት ወራት ያርቁታል። «እርሾ እንደ ሕፃን ነው፤ ሲበርደው ይተኛል» ይላሉ።

ወጡንም ተመልከቱ። ሽንኩርቱን አድቅቀው ይከትፉና ያለ ቅቤና ያለ ዘይት ከድስት ይጨምሩታል። በለዘበ እሳት እያማሰሉ፥ እንዳያር ጠብ ጠብ ውኃ እያደረጉ፥ ሽንኩርቱ ቀልጦ ሽንኩርትነቱ እስኪጠፋ ድረስ ይጠብቁታል። በርበሬው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ እርሱም ጥሬ ሽታው እስኪለቀው ድረስ ይቁላላል። ለፋሲካ ዶሮ ሲሠሩ ዐሥራ ሁለቱ ብልት በሎሚና በጨው ታጥቦ ተዘጋጅቶ ሳለ፥ ቁሌቱ ገና አልደረሰም እያሉ ከእሳቱ ፊት ግማሽ ቀን ሲቆሙ አይቻቸዋለሁ። «እሜቴ፥ አይሰለችዎትምን?» ብላቸው፥ «የኔታ፥ ሽንኩርት እንደ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ያስለቅሳል፤ ታግሠው የያዙት እንደ ሆነ ግን ይጣፍጣል» አሉኝ።

በጾም ቀን ደግሞ የሰንበቴውን ወጥ ሲሠሩ ሰዓቱ ሳይደርስ ከቶ አይቀምሱም። የድስቱን እንፋሎት በእጃቸው ወደ አፍንጫቸው እየጠረጉ መብሰሉን ያውቃሉ። ጨውን አሳንሰው ያገባሉ፤ «ጨው ቢያንስ ከማዕድ ላይ ይጨመራል፤ ቢበዛ ግን ማን ይቀንሰዋል?» ይላሉ። እንግዲህ ራሳቸው ሳይቀምሱ ለሦስት መቶ ሰው የሚጣፍጥ ወጥ የሚሠሩትን ሴት ሆዳም የሚላቸው ማነው?

ወገኖቼ፥ እኔ ነኝ ያልኋቸው።

በ2006 ዓ.ም. በቅበላ ሰንበት በዚሁ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሜ አስተማርሁ። ጾም ሊገባ ነበርና ስለ ሆዳምነት ተናገርሁ። ከጧት እስከ ማታ ወጥን የሚያስብ ሰው ሆዱን አምላኩ አደረገ፥ ምድጃም መሠዊያው ሆነችበት፥ እያልሁ ቃል በቃል ላይ ደራረብሁ። ቃሌም አማረልኝ፤ ሕዝቡም ራሱን ነቀነቀ። ቃል ያማረለት ሰው ግን ማንን እንደ ወጋ አያይም።

በማግሥቱ እኒያ እናት ከደጀ ሰላሙ ቆመው ጠበቁኝ። «የኔታ፥» አሉኝ፥ «እኔ ከጧት እስከ ማታ ወጥን አስባለሁ። ተኝቼም አስበዋለሁ። ከልጅነቴ እንዲህ ነኝ። ባለቤቴ ባረፈ ጊዜ እንኳ የተጽናናሁት ከምድጃዬ ፊት ነው። ታዲያ ስድሳ ዓመት ሙሉ ኃጢአት ስሠራ ኖርሁን?»

እኔም፥ «እሜቴ፥ የተናገርሁት መጽሐፍ የሚለውን ነው» ብያቸው አለፍሁ። መልስ የሰጠሁ መሰለኝ፤ ዳሩ ግን መጽሐፉን ጋሻ አድርጌ ከኋላው መሸሸጌ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሰንበቴው ማድ ቤት አልመጡም። ቤተ ክርስቲያን አልቀሩም፤ ቅዳሴውን አስቀድሰው ዝም ብለው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ጸበል ጻድቁም በሌሎች እናቶች እጅ አልተቋረጠም። እኔም ነገሩን ረሳሁት። ዐቢይ ጾም አለፈ፥ ፋሲካም አለፈ።

በሰኔ ወር አንድ ቀን፥ ከደጃፋችን የሚቀመጡ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ድምፄን ሰምተው ጠሩኝና፥ «የኔታ፥ እኒያ ሴትዮ ሞቱን?» አሉኝ። ማንን እንደሚሉ ዐወቅሁ። «አልሞቱም፤ ስለ ምን ጠየቁኝ?» ብላቸው፥ «ወጡ የችኮላ ሆነ፤ ለእኛ ለነዳያን ሲሉ ሽንኩርት የሚያበስሉ እርሳቸው ብቻ ነበሩ» አሉኝ።

ይህ ቃል ከሌሊት እንቅልፍ ከለከለኝ። ከብዙ ዘመን በፊት የሆነ፥ እኔ የሸሸግሁትን ነገርም አስታወሰኝ።

በ1977 ዓ.ም. የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ በጎጃም ቅኔ እማር ነበር። ያ ዓመት በወሎና በትግራይ፥ በሌላም አገር ብርቱ ራብ የወደቀበት ዓመት ነው። እኛ ባለንበት መንደር ራቡ ባይገባም፥ ወሬው ገብቶ ነበርና ሰው ሁሉ እጁን ሰበሰበ። ደበሎ ለብሼ፥ አኮፋዳ አንግቼ፥ ውሻውን በዱላ እየተከላከልሁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ ስዞር፥ አምስት ደጅ መትቼ ባዶ እጄን የምመለስበት ቀን ነበረ። አንድ ቀን ግን ከአንዲት ድኻ እናት ደጅ ደረስሁ። «ቆይ ልጄ» አሉኝና ገቡ። ብዙ አስቆዩኝ። እኔም ቁራሽ ለመስጠት ይህን ያህል ምን ያቆያል ብዬ በሆዴ ተቆጣሁ። በመጨረሻ ሲወጡ፥ ትኩስ ሽሮ በገል ይዘው፥ በላዩ ግማሽ እንጀራ አድርገው ሰጡኝ። ነጭ ሽንኩርቱ ገና ይሸት ነበር። «ቁራሽስ ነበረኝ፤ ደርቆብኝ ደረቅ ልሰጥህ አፍሬ ነው» አሉኝ።

ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ በላሁ። በዚያን ዓመት እንደ ሰው የተቈጠርሁበት ቀን ያ ቀን ነበረ። ማታውን ከመምህሬ ፊት ቀርቤ ጉባኤ ቃና ነገርሁ፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት፥ ነገር ግን መምህሬ ያለ እርማት የተቀበሉልኝ የመጀመሪያዪቱ ቅኔዬ እርሷ ነበረች። «ይህ ከየት መጣልህ?» ብለው ጠየቁኝ። «ከሽሮ» ማለት አፈርሁና ዝም አልሁ። አርባ ዓመት ያህል ዝም አልሁ። እነሆ ዛሬ እናገረዋለሁ።

የቅኔ ተማሪ የሚገባበት የመጀመሪያው በር ጉባኤ ቃና መባሉን አስቡት። ቃና የሰርግ ቤት ነው። ጌታችን የመጀመሪያውን ተአምር ያደረገው በማዕድ ላይ ነው፤ ያደረገውም ወይን ጠጅ ከፊተኛው ይልቅ የሚጣፍጥ ነበር እንጂ ለጥማት ያህል ብቻ የሚበቃ አልነበረም። አባታችን አብርሃም እንግዶቹን ባየ ጊዜ ሣራን ሦስት መስፈሪያ መልካም ዱቄት ለውሳ እንድትጋግር አፋጠናት፤ ተራ ዱቄት አላለም። ጌታም ከትንሣኤው በኋላ ሌሊቱን ሲደክሙ ያደሩትን ደቀ መዛሙርት በባሕር ዳር የጠበቃቸው ፍም አንድዶ፥ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ነው።

«ማርታስ አልተገሠጸችምን?» የሚለኝ ሰው ይኖራል። ተገሥጻለች። የተገሠጸችው ግን ስለ ወጡ አይደለም፤ ስለ መታወኳና እኅቷን ስለ መክሰሷ ነው። ይህም እንዲታወቅ፥ ዮሐንስ ወንጌላዊ በዐሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ጌታ ዳግመኛ ወደ ቢታንያ በመጣ ጊዜ ማርታ ታገለግል እንደ ነበረ ይነግረናል። ከተግሣጹ በኋላም ድስቷን አልጣለችም፤ ማንም ጣዪው አላላትም። እኔ ግን በ2006 ዓ.ም. የእኒህን እናት ድስት አስጣልሁ።

ስሕተቴ ይህ ነው። ሆዳም ሰውና ባለሙያ ሴት ሁለቱም ስለ ወጥ ያስባሉ። ሆዳም የሚያየው የራሱን ወጭት ነው፤ ባለሙያዪቱ የምታየው የሌላውን ፊት ነው። እርሱ ሲጠግብ ይተኛል፤ እርሷ ሌላው ሲጠግብ ታርፋለች። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቼ ነበርና፥ ቅኔ ዐዋቂ ነኝ ስል የሰሙን መመሳሰል አይቼ ወርቁን ሳልለይ ቀረሁ።

የፍልሰታ ጾም ሳይገባ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። «እሜቴ፥ በድያችኋለሁና ይቅር በሉኝ» ብዬ የጎጃሟን እናት ነገር፥ የሽማግሌውንም ጥያቄ ነገርኋቸው። ለረጅም ጊዜ ምስሩን እያገላበጡ ዝም አሉ። ኋላ፥ «የኔታ፥ እኔ ትምህርት የለኝም» አሉኝ። «ነገር ግን ለማጣፈጥ ያልደከመ ሰው ለሚበላው ሰው አልደከመም። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ይልቅስ ይቀመጡ፤ ምሳ ደርሷል።» ነሐሴ አንድ ቀን ጧት የማድ ቤቱ ጪስ ሲወጣ አየሁ። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌም ገና ሳይቀምሱ በሽታው ዐውቀው ነበር።

እንግዲህ ይቅርታ የጠየቅሁት በጓዳ ነበር፤ የበደልኋቸው ግን በዐውደ ምሕረት ነው። ስለዚህ ዛሬ በእናንተ ሁሉ ፊት፥ «እሜቴ፥ ያን ቀን የተናገርሁት በእርስዎ ላይ ሐሰት ነበረ» እላለሁ። ዕዳዬም ይህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ስለ ነገ ነው። ዛሬ በሰንበቴያችን ማድ ቤት የሚያገለግሉ እናቶች ስድስት ናቸው፤ ከእነርሱ ታናሺቱ ስድሳ ዓመት ሆኗታል። የሚያውቁት ሁሉ በእጃቸውና በአፍንጫቸው ነው እንጂ በመጽሐፍ አልተጻፈም። ዕውቀቱም ጥቂት አይደለም። የእኛ ምእመን በዓመት ከመቶ ሰማንያ ቀን የማያንስ ይጾማል፤ ካህናቱ እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ ቀን ይደርሳሉ። ሥጋና ወተት፥ ቅቤና እንቍላል በሌለበት በዚህ ሁሉ ቀን ሰው እንዳይደክም ያደረጉት እናቶቻችን ናቸው። ሽሮውን፥ ምስሩን፥ የተልባውን ፍትፍት፥ ሱፉን፥ ስልጆውን፥ አዚፋውን ያገኙት እነርሱ ናቸው። የዛሬ ሐኪሞችም እህልና ጥራጥሬ አንድ ላይ ሲበሉ የአንዱን ጉድለት ሌላው እንደሚሞላው፥ ሰውነትም ከሁለቱ የሚያስፈልገውን እንደሚያገኝ ያስረዳሉ። የጤፍ እንጀራን ከሽሮ ጋራ ያጋባው ማን ነበር? ስሟ ያልተጻፈ አንዲት እናት ናት።

አሁን ግን የተፈጨ በርበሬ፥ የተዘጋጀ ሽሮ፥ የተጋገረ እንጀራ በየሱቁ ይሸጣል። መሸጡን አልነቅፍም፤ ጊዜ ያጣ ሰው ይገዛል፥ የሸጠውም እንጀራውን ይበላል። ነገር ግን ገንዘብ የሌለው ሰው በደጃፋችን ሲቀመጥ የሚያበላው ሱቅ አይደለም። ይህ የእጅ ዕውቀት ከጠፋ፥ ሰንበቴያችን ይኖራል፥ ለድኻ ሲባል ሽንኩርት የሚያበስል ግን አይኖርም።

ስለዚህ እኒህን እናት ለምኜ እሺ አሰኝቻቸዋለሁ። ከሚመጣው ወር ጀምሮ በየቅዳሜው ከንባብ ቤት ልጆች አራት አራት እየሆኑ፥ ሁለት ሴቶች ሁለት ወንዶች፥ ከማድ ቤቱ ገብተው ይማራሉ። «ወንድ ልጅ ከምድጃ ምን አለው?» የሚል ቢኖር፥ የቆሎ ተማሪ ሁሉ ንፍሮውን ራሱ ቀቅሎ ያደገ መሆኑን ይጠይቀኝ። እኔም ደብተር ይዤ ከጥግ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ይህን በነገርኋቸው ጊዜ ሳቁና፥ «የኔታ፥ ለመጻፉ ይጻፉ፤ ነገር ግን መጀመሪያ ሽንኩርት ይክተፉ» አሉኝ። እኔም እሺ ብያለሁ። በሃምሳ አምስት ዓመቴ እንደ ገና ተማሪ ልሆን ነው።

የልጆቻችሁም የመጀመሪያ እንጀራ ዓይን የሌላት፥ ያረረች ብትሆን አትሣቁባቸው። ከእናንተ አንዱ ተነሥቶ ይብላት። ሁለተኛዋን እንግዳ ይበላታል።

እግዚአብሔር የእኒህን እናት ዕድሜ ያርዝምልን፤ ምድጃቸውንም የሚረከቡ እጆች ይስጠን። በረኃብ ያለፉትን ያሳርፍልን፥ በረኃብ ያሉትንም ያስበን ዘንድ፥ እኛም እንድናስባቸው ልቡና ይስጠን። አሜን።